ለትንንሽ ልጆች የእውቀት መጽሐፍ እንዴት እንመርጣለን?

ተረት መምረጥ ብዙ አያስቸግርም። ልጁ ከሳቀና «ድገሚልኝ» ካለ በቃ፣ መጽሐፉ ሠርቷል። ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰውነት ክፍሎች፣ ስለ ጠፈር ወይም ስለ አገር የሚያስተምር መጽሐፍ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የሚለው ነገር እውነት መሆን አለበት። የአምስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ላይ ያየውን አይጠራጠርም። ስለዚህ ማጣራቱ የእኛ የወላጆች ሥራ ነው። ለዚህ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ ቆማችሁ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ነገር መለየት ይቻላል።

ከልጁ ጥያቄ ተነሱ

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ልጃችሁ ሰሞኑን ምን እየጠየቀ እንደሆነ አስታውሱ። ማታ በታክሲ ስትመለሱ «እማዬ፣ ጨረቃዋ ለምን ትከተለናለች?» ያለ ልጅ የጠፈር መጽሐፍ አምሮታል ማለት ነው። መልሱ ለጨነቃችሁ፦ ጨረቃ ከእኛ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቤቱና ዛፉ ቅርብ ስለሆኑ ወደ ኋላ ሲቀሩ ይታያሉ። እሷ ግን በጣም ሩቅ ስለሆነች እኛ ብንንቀሳቀስም ያለችበት አቅጣጫ የተለወጠ አይመስልም። የጉንዳን ሰልፍ ሲከተል የሚውለው ልጅ ደግሞ ስለ ነፍሳት የሚያወራ መጽሐፍ ይሻለዋል።

ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ ፍራፍሬና የዓለም ባንዲራ አንድ ላይ የታጨቁበት «ሁሉን አስተማሪ» መጽሐፍ ርካሽ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልመክረውም። ሁሉንም ነካ ነካ ያደርግና የልጁን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል።

የምታውቁትን ገጽ ፈልጉ

ከሁሉም በላይ የምተማመንበት መንገድ ይህ ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። በደንብ የምታውቁት ጉዳይ ያለበትን ገጽ ፈልጋችሁ እሱን በጥሞና አንብቡ። ነርስ ከሆናችሁ ስለ ልብና ሳንባ የተጻፈውን፣ ገጠር ያደጋችሁ ከሆነ ስለ ንብና ስለ ጤፍ የተጻፈውን እዩ። በምታውቁት ነገር ላይ የሚሳሳት መጽሐፍ በማታውቁትም ላይ አይታመንም።

የኢትዮጵያ ካርታ ካለው ጎረቤቶቿን ቁጠሩ። ዛሬ ስድስት ናቸው፦ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን። ደቡብ ሱዳን ከጎደለች ካርታው አገሪቱ ነጻ ከወጣችበት ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ነው የሚያሳየው። ኤርትራ የኢትዮጵያ አካል ሆና ከተሳለች ደግሞ ከ1985 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ነው። ክልሎቹንም ተመልከቱ። ዘጠኝ ብቻ ከሆኑ መረጃው ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከመሆኑ በፊት የተዘጋጀ ነው፤ ዛሬ 12 ደርሰዋል። ይህን ሁሉ የምላችሁ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ስለሚያሳስት ነው። ብዙ መጽሐፍ በአዲስ ቀለም በድጋሚ ይታተማል፣ ውስጡ ግን አይነካም።

የጠፈር መጽሐፍ ከሆነ ፕላኔቶቹ ስንት ናቸው? ፕሉቶ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከፕላኔቶች ተርታ ወጥቶ ድንክ ፕላኔት ተብሏል፤ የቀሩት ስምንት ናቸው። ስለ ሰውነት የሚያወራ ከሆነ የምላስን ሥዕል ፈልጉ። ጫፉ ጣፋጭ ብቻ፣ ኋላው መራራ ብቻ ይቀምሳል የሚለው የድሮ ሥዕል ስህተት ነው። ሁሉንም ጣዕም በሁሉም የምላስ ጠርዝ እንለያለን። የነፍሳት ገጽ ላይ እግር ቁጠሩ። ንብና ጉንዳን ስድስት እግር አላቸው። ሸረሪት ስምንት ስላላት ከነፍሳት አትመደብም። የሌሊት ወፍ ከወፎች ጋር ከተደረደረችም ተጠንቀቁ፤ ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት። የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ይታያል የሚል ካገኛችሁ እሱም ሐሰት ነው።

አንድ ስህተት ስላገኛችሁ ብቻ መጽሐፉን አትጣሉት። ሥዕሉ ጥሩ፣ ዋጋውም ደህና ከሆነ ግዙትና ስህተቱን ከልጁ ጋር በእርሳስ አርሙ። ሁለት ሦስት ገጽ ውስጥ ስህተት ከተደራረበ ግን ወደ መደርደሪያው መልሱት።

«እንዴት ታወቀ?» ይላል ወይ?

ደህናውን መጽሐፍ ከምርጡ የሚለየው ይህ ነው። የድንቅነሽን ነገር እንውሰድ። አንዱ መጽሐፍ «ድንቅነሽ የመጀመሪያዋ ሰው ናት» ብሎ ያልፋል። አባባሉም ልክ አይደለም። ድንቅነሽ ዛሬ ካለው የሰው ዘር አስቀድሞ የኖረ የሌላ ዝርያ አባል ናት። ጥሩው መጽሐፍ አጥንቷ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ እንደተገኘ ይነግራል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናትም ይጨምራል። ቀጥሎ ደግሞ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከዳሌዋና ከጉልበቷ አጥንት እንዴት እንደታወቀ በሥዕል ያሳያል። ይህን ያየ ልጅ የራሱን ጉልበት መነካካት ይጀምራል። እውቀት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ፈልገው፣ ለክተው፣ ተከራክረው ያገኙት መሆኑን የሚረዳው እንዲህ ሲነገረው ነው።

ሥዕሉንና ፊደሉን መርምሩ

ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፉን የሚያነበው በሥዕሉ ነው። ጭላዳ ተብሎ የተሣለው ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው? ስለ ጤፍ እያወራ የስንዴ ፎቶ ለጥፏል? ከኢንተርኔት የተለቀመ ሥዕል እንዲህ ያለውን ስህተት ያበዛል። ስለ ወቅቶች የሚያስተምር የውጭ መጽሐፍ ጥር ላይ በረዶ ቢያሳይ ስቶክሆልም ላለ ልጅ ልክ ነው። ባሕር ዳር ላለው ግን አብሮት የሚያስረዳ ሰው ካልተቀመጠ ያምታታዋል።

የአማርኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ነው። ፊደሉ ከደቀቀ ወይም ቀለሙ ከፈሰሰ ጀማሪ አንባቢ ልዩነቱን አያየውም። መጽሐፉን በክንዳችሁ ርቀት ያዙትና እናንተ ራሳችሁ ካልለያችሁት ተዉት። በሥዕል ላይ የታተመ ጽሑፍም ዓይን ያደክማል።

አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ሰው ቢያያችሁም ግድ የለም፣ አንብቡ። «ዕፅዋት ፎቶሲንተሲስ በተሰኘ ሂደት አማካኝነት ምግባቸውን ያመርታሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም። «ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከውኃና ከአየር ለተክሉ ምግብ ይሠራል» ቢል ግን ልጁ «ከአየር? እንዴት?» ይላችኋል። ምላሳችሁን የሚያስር ዓረፍተ ነገር ልጁንም ያስረዋል። አዲስ ቃል መኖሩ ግን ክፋት የለውም። እዚያው ገጽ ላይ በቀላሉ ከተፈታ ልጅ ከባድ ቃል መያዝ ይወዳል።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በወፍራም ካርቶን የተሠራና በሽቦ ያልተጠረዘ ይሁን፤ ወደ አፉ መክተቱ አይቀርምና። እስከ አራት ዓመት በአንድ ገጽ አንድ ነገርና አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማንበብ ለጀመረው ማውጫና የቃላት መፍቻ ያለው ቢሆን የፈለገውን ራሱ አውጥቶ ማየት ይለምዳል።

ሳትገዙ ሞክሩ

የመጽሐፍ ዋጋ እየከበደ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱና የትኛው ላይ እንደሚቆይ ታዘቡ። ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባሉት ድረ ገጾች የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት በነጻ ያስነብባሉ። ብዙዎቹ በበጎ ፈቃደኞች የተተረጎሙ ስለሆኑ ጮክ ብሎ የማንበቡን ፈተና እዚያም አትዝለሉ። አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ሲያትልን በመሳሰሉ ሐበሻ በሚበዛባቸው ከተሞች የአማርኛ መጻሕፍት መደርደሪያ አለ። እዚያ ላደገ ልጅ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያለበት ቢሆን ይመረጣል። አያቱ በአማርኛው፣ እሱ በእንግሊዝኛው አንድ ገጽ አብረው ማየት ይችላሉ።

መጽሐፉ ቤት ሲገባ ከዳር እስከ ዳር ካልተነበበ አትበሉ። ልጁ የአዞውን ገጽ ብቻ ሳምንቱን ሙሉ ቢያስነብባችሁ አንብቡለት። አዞ ሲሰለቸው ወደ ጉማሬው ራሱ ይገልጣል።