ጠገራ ብር ቤታችሁ ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ የአያት ሳጥን ሲከፈት ጠገራ ብር ቢወጣ አይገርምም። ድሮ ሂርማታ ገበያ ቡናውም፣ ዝባዱም፣ የዝሆን ጥርሱም የሚሸጠው በዚሁ ጠገራ ብር፣ በማርትሬዛ ነበር። ጣጣው የሚመጣው ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ ነው። አንዱ ዘመድ «ይሄ እኮ ሚሊዮን ያወጣል» ይላል፣ ሌላው ደግሞ ለመጀመሪያው ጠያቂ በርካሽ ይሰጠዋል። ሁለቱም ሳንቲሙን በደንብ አላዩትም።

መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን 1780 የሚለውን ዓመት እርሱት። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ፣ በቪየናም ሆነ በሮም፣ በለንደንም ሆነ በቦምቤይ፣ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። ኢጣሊያ እኛን ልትወር ስትዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ መምቻውን ወስዳ ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ኦስትሪያ አሁንም ትመታለች። ሁሉም ሲደመር ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

ቀጥሎ ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ያሉትን ፊደላት ፈልጉ። እኛ ዘንድ የሚገኘው አብዛኛው የላቲኑ ኤስ እና ኤፍ አለው። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው በጉንዝቡርግ ከተማ የነበረው ሳንቲም መምቻ ቤት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ ሌሎቹ ከተሞች ግን እንዳለ ቀድተዋቸዋል፤ የለመደው ነጋዴ የተለየ መልክ ያለውን አልቀበልም ይል ነበርና። እና ኤስ ኤፍ ስላለ ብቻ ጉንዝቡርግ ነው ማለት አይደለም። ሌላ ፊደል ካለበት ግን፣ ለምሳሌ የቪየናው አይ ሲ እና ኤፍ ኤ፣ ወይም ዓመቱ ከ1780 በፊት ከሆነ፣ ቆም በሉ። እሱ ለብቻው በባለሙያ መታየት አለበት። የቀረውን የየትኛው ከተማ እንደሆነ የሚለዩት በጥቃቅን ነገር ነው፦ ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ባሉት ዕንቁዎች፣ በንስሩ ጭራ ላባ። ድሮም ነጋዴው ዕንቁዎቹን ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። አጉሊ መነጽር ከሌላችሁ በስልክ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ።

ሐሰተኛውን ለመያዝ ሚዛን ይበልጣል። ወርቅ ቤት ያለው ትንሹ ሚዛን ይበቃል። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ነው፣ ስፋቱ ወደ 4 ሳንቲሜትር። ብዙ እጅ ያለፈበት ትንሽ ሊቀል ይችላል፣ 25 ግራም ከሆነ ግን ተጠራጠሩ። ማግኔት ከያዘው ነገሩ አበቃ፤ ካልያዘውም ገና ነው፣ ነሐስና እርሳስንም ማግኔት አይይዝም። ጠርዙን አዙራችሁ እዩት፦ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም መሃሉ ላይ የመገጣጠም መስመር ከታየ፣ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

ለዋጋው መነሻ ሒሳቡ ቀላል ነው። በመቶ 83.3 ንጹህ ብር ስላለው የመዘናችሁትን ግራም በ0.833 አባዙ፤ ሙሉ ክብደት ላለው 23.4 ግራም ገደማ ይመጣል። ያንን በዕለቱ የአንድ ግራም ብር ዋጋ አባዙት። ለተራው ማርትሬዛ ከዚህ ብዙ ርቆ የሚከፍል ሰብሳቢ አትጠብቁ፤ ከዚህ በታች የሚጠራውን ደግሞ አመስግናችሁ ሂዱ።

የምኒልክ ብር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ክብደቱ ከማርትሬዛ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ግን ቁጥሩ በጣም ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። እዚህ ዓመቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ፣ በኛው አቆጣጠር፦ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889። የላቲን ኤ ካገኛችሁ የፓሪስ ምልክት ነው። አንበሳው የሚያነሳው እግር የግራው ይሁን የቀኙ ልብ በሉ፣ እንደ ዓመቱ ይለያያል፣ ሰብሳቢም ይጠይቃችኋል። የንጉሡ ፀጉርና የአንበሳው ጎፈር መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየ ዋጋው ከፈዘዘው በብዙ ይበልጣል።

እባካችሁ አትፈትጉት። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ብላችሁ የምታበሩት ሰዎች፣ እያበራችሁ ያላችሁት ኪሳራችሁን ነው። ያ ጥቁርማ ቀለም ለሰብሳቢ ጥሩ ምልክት ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል፣ የብሩ ዋጋ ግን አይጠፋም። እናቶች ያደረጉት ሙሉ ድሪ ከሆነ አትበትኑት፤ እንደ ጌጥ ይሻላል።

ስትሸጡ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ ሲመዘንም ቁሙና እዩ። ፎቶ ልካችሁ «ቅድሚያ ክፈሉና ገዢ እናገናኛችሁ» የሚላችሁን ዝጉት። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ልትልኩ ካሰባችሁ ደግሞ ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ከመወረሱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።