በእድር ጉባኤ ላይ የመናገርና የማዳመጥ ሥነ ምግባር

ብዙዎቻችን ከሕዝብ ፊት ቆመን ለመጀመሪያ ጊዜ የምንናገረው በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ተሰብሳቢዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ በጉባኤው የተወረወረ ቃል ከአዳራሹ ወጥቶ ከሰዎቹ ጋር ወደ ሠፈር ይገባል።

እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት ሪፖርቱን ያንብቡ፤ ቀጥሎም ያዩትን፣ የሰሙትንና የሚጠረጥሩትን ለየብቻ ያስቀምጡ። በዚህ በኩል አማርኛችን ለተናጋሪው መሸሸጊያ አያሳጣውም፤ «ይባላል» የሚለው ቃል ወሬውን ያለ ባለቤት ያቆመዋል፣ አድራጊውን ሳይጠራ ድርጊቱን ብቻ የሚናገረው ተደራጊ ግስ ደግሞ ከስድብ ይከፋል። በአንድ ጉባኤ ላይ አንድ አባል ተነሥተው «ገንዘቡ ተበልቷል» ብለው ሲቀመጡ፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ የተሰብሳቢውን ዓይን ሁሉ ወደ ገንዘብ ያዡ ሲያዞሩት አይቻለሁ። በኋላ ሲጣራ ገንዘቡ ለድንኳን መግዣ መዋሉና ደረሰኙ ገና በመዝገብ አለመስፈሩ ታወቀ፤ ገንዘብ ያዡ ግን ዳግመኛ ለኮሚቴ አልተመረጡም። እኚያ አባል «በሪፖርቱ ላይ ለተመዘገበው 18 ሺህ ብር ወጪ ደረሰኝ አላየሁም፤ ይቅረብልን» ቢሉ ኖሮ፣ ጥያቄያቸው በዚያው ሰዓት መልስ ያገኝ ነበር።

አግቦም እንዲሁ ነው። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ ተረትና ምሳሌ ንግግርን ያሳምራል፤ ነገር ግን ምሳሌው ሰውን ለመውጋት ከተጣለ በኋላ «እኔ ስለ እሱ አልተናገርኩም» የሚያሰኝ ከሆነ፣ ተወጊው መልስ የሚሰጥበትን ቀዳዳ ይዘጋበታል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ «ማንን ማለትዎ ነው?» ብባል በጉባኤው ፊት መመለስ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው፤ ካልቻልኩ ምሳሌውን እተወዋለሁ። በክርክር መካከል ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድም፣ ተናጋሪው ልብ ባይለውም እንኳ፣ ሰሚው የማይረሳው ነገር ነው።

ወደ አድማጩ ስንመጣ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ በአማርኛ ለመናገር ሲነሡ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አውከዋቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። በእኛ ጉባኤ ፉጨት ነውር ስለሆነ ያንኑ ሥራ የምንሠራው በማጉረምረምና «በቃህ» ለማለት በሚጨበጨብ ጭብጨባ ነው። እንዲህ ሲደርስብዎ በድምፅ ለመብለጥ አይሞክሩ፤ ንግግርዎን ገታ አድርገው ሥርዓት እንዲያስከብሩ ሰብሳቢውን ይጠይቁ፤ የተወሰደብዎትን ደቂቃም እንዲመልሱልዎ ቢጠይቁ መብትዎ ነው።

በሐሳቡ የማይስማማ አድማጭ ከመቃወሙ በፊት «ያሉት ይህ ከሆነ» ብሎ የተናጋሪውን ነጥብ በራሱ አንደበት ቢደግመው፣ ብዙው ጭቅጭቅ ሳይጀመር ያልቃል፤ ግማሹ ጊዜ የምንከራከረው ባልተባለ ነገር ላይ ነውና። በጉባኤ ዝም ብሎ ቆይቶ በር ላይ መተቸት ግን፣ እንደ ጨዋነት ቢታይም፣ ተናጋሪው መልስ በማይሰጥበት ቦታ መፍረድ ነው። በስልክ ስለሚቀረጽ ንግግርም የምለው አጭር ነው፤ መቅረጽዎን አስቀድመው ያሳውቁ፣ ቆርጠውም በቴሌግራም አይልቀቁ።

የተናገሩት ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ለተጎዳው ሰው በስልክ ይቅርታ መጠየቅ አይበቃም፤ ስሕተቱን የሰሙት ሰዎች እርማቱን አልሰሙምና። በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳው ከመከፈቱ በፊት ዕድል ይጠይቁ፣ የተሳሳቱትን በግልጽ ይናገሩ፣ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍሩት ያድርጉ።