ደብል ጋቢና ፒክአፕ ላይ ሰብዉፈርን ከፊት ወንበር ሥር ወደ ኋላ መቀመጫ ሥር ማዛወር

ሂሉክስን በመሳሰሉ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከፊት ወንበር ሥር የሚገባው፣ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ) አብሮት ያለው ባለ 8 ኢንች ስስ ሰብዉፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ነው። ቦታ አይፈጅም። ግን ጭቃ ጫማ ይደርስበታል፣ ላቫጆ ውስጥ ውሃ ይገባበታል፣ ወንበሩ ሲንሸራተትም ሽቦውን ይልጠዋል። ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ወፍራሙ ቤዝ ላይ ይደክማል። መፍትሔው ስስ ባለ 10 ኢንች ሰብዉፈር በተዘጋ ሳጥን አድርጎ ከኋላ መቀመጫ ሥር ማስገባት ነው፤ የዚህኛው አምፕሊፋየር ለብቻው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታልልዎ፤ የሚታየው አርኤምኤስ (ሳይቋረጥ የሚችለው ኃይል) የሚለው ቁጥር ነው። ለጋቢና 300 ዋት አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው።

መጀመሪያ ልኬት። የኋላውን መቀመጫ አንስተው ቁመቱን ሦስት ቦታ ላይ ይለኩ፤ ወለሉ ሜዳ አይደለም። ከዚያ መቀመጫውን መልሰው፣ ሰው አስቀምጠውበት፣ ከፊት በኩል ክፍተቱን እንደገና ይለኩ። የሚሠሩት በትንሹ ቁጥር ነው። ክሪኩና እጀታው ሳጥኑ ሳይነሳ መውጣት አለባቸው።

ሳጥኑን በ15 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ይሥሩ። ውስጡ 50 በ30 በ11 ሳ.ሜ. ከሆነ 16.5 ሊትር ይይዛል፤ ሰብዉፈሩ ራሱ የሚወስደው ሲቀነስ 15 ሊትር ገደማ ይቀራል፤ ለአብዛኞቹ ስስ ባለ 10 ኢንቾች ይህ ይበቃል። የእርስዎ ሰብዉፈር ወረቀት ሌላ ሊትር ካዘዘ ግን እሱን ይከተሉ። መጋጠሚያውን ኮላ ቀብተው በየ10 ሳ.ሜ. በብሎን ያጥብቁ፣ ከውስጥ በሲልከን ይድፈኑ፣ ሰብዉፈሩን ከመግጠምዎ በፊት ለ24 ሰዓት ይተዉት። እንደ ሆምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ሳይደርቅ ከተዘጋ ትነቱ የሰብዉፈሩን ሙጫ ሊጎዳ ይችላል። ሰብዉፈሩ ከተገጠመ በኋላ ፊቱን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ገፋ አድርገው ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር አያስወጣም፣ ቶሎ ከተመለሰ አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ።

ፊቱን ወደ ወለሉ አዙረው በ4 ሳ.ሜ. እግር ላይ ቢያስቀምጡት ከላይ በሚከመረው ዕቃ አይወጋም። ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ስለሚያብጥ የታችኛውን ክፍል ቀለም ይቀቡ፤ ላቫጆ ሲገቡም ከኋላ ያለውን ወለል በጨርቅ ብቻ እንዲያጸዱ ይንገሯቸው፣ የውሃ ጎማው ከተዘረጋ በኋላ ማስቆም ይከብዳል። ሳጥኑ ከነሰብዉፈሩ ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር። ወለሉን ከመብሳትዎ በፊት ከመኪናው ሥር ገብተው የነዳጅ ታንከሩና የፍሬን ቱቦው የት እንዳሉ ይመልከቱ።

አሁን ኤሌክትሪኩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድመው ይፍቱ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው የኃይል ገመድ ንጹሕ መዳብ ከሆነ 8 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል) ይበቃል። ገበያ ላይ ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ያድርጓት፣ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነውና ወደ 4 ጌጅ ይለፉ። 40 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳ.ሜ. ሳይርቅ ይግባ። ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ገመዱ ቦዲ ላይ ቢላጥ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በጎማ ቀለበት ውስጥ ይለፍ።

ማሳው (ከአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ወደ መኪናው ቦዲ የሚሄደው ገመድ) ላይ አይቸኩሉ። ከኃይል ገመዱ ጋር እኩል ውፍረት ያለው፣ ከ50 ሳ.ሜ. ያልበለጠ ገመድ ይሁን፤ ቀለሙን ላሜራው እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው በብሎን ያጥብቁ። የወንበር ቀበቶ ብሎን አይንኩ። ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያመጣውን የአርሲኤ ገመድ ከኃይል ገመዱ ተቃራኒ በሆነው ጎን ያሳልፉ።

ሰብዉፈሩ ሁለት ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) የሽቦ ጥቅል ካለው በፓራለል (ጎን ለጎን ሲገናኙ) 2 ኦም፣ በሲሪየስ (ተከታትለው ሲገናኙ) 8 ኦም ይሆናል። ሁለት ባለ 2 ኦም ከሆነ በፓራለል 1 ኦም ይመጣል፤ 2 ኦም ድረስ ብቻ የሚችል አምፕሊፋየር በዚህ ይቃጠላል ወይም ፕሮቴክት መብራቱን እያበራ ይጠፋል።

አምፕሊፋየሩን ሲያስተካክሉ ቤዝ ቡስቱን (ቤዝ መጨመሪያውን) ዜሮ ያድርጉ፣ ሎው ፓሱን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀረውን ማጣሪያ) 80 ኸርዝ ላይ ያቁሙ፣ የበር ስፒከሮቹንም ቴፑ ከፈቀደ ከ80 በታች ይቁረጡባቸው። ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍተው የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የማጎላት መጠን) ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ ይመልሱት። ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው ፌዙን (ሰብዉፈሩን ከበር ስፒከሮቹ ጋር የሚያጣጥመውን ማስተካከያ) 0 እና 180 ላይ ያነጻጽሩና ቤዙ የሚበረታበትን ይያዙ። ነዳጅ ሲሰጡ አብሮ ከፍ የሚል ፉጨት ከተሰማ ቴፑንም አምፕሊፋየሩንም ከመቀየርዎ በፊት ማሳውን ፈትተው እንደገና ይፈቅፍቁት።