በቀረጥና በኤሲ ዋጋ ላይ የሚሠሩ የሒሳብ ስህተቶች

«ቀረጡ 25 በመቶ ከሆነ ዋጋውም 25 በመቶ ይጨምራል» ማለት

በብዛት የሚሰማው ይህ ነው። ቀረጥ የሚሰላው ዕቃው ጉምሩክ ላይ በተያዘለት ዋጋ እንጂ ደንበኛው በመጨረሻ በሚከፍለው አይደለም። የጉምሩክ ዋጋው 400 የሆነ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ተገጥሞ ሥራ እስኪጀምር 1,000 ያስወጣል እንበል። 25 በመቶ ቀረጥ 100 ነው፤ ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ። ሌላው ማጓጓዣ፣ መጋዘን፣ ትርፍ፣ ቧንቧ፣ ሽቦና የእጅ ዋጋ ነው።

ግን 100ውም 100 ሆኖ አይቀርም። አከፋፋዩ ትርፉን በመቶኛ የሚይዝ ከሆነ በቀረጡም ላይ ያተርፋል፤ በላዩ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ትርፉ 20፣ ታክሱ 15 በመቶ ቢሆን 100ው 138 ይሆናል። ስለዚህ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፍ ይጠይቁ። «በቀረጥ ምክንያት» ተብሎ የእጅ ዋጋው ከጨመረ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው።

«አገር ውስጥ የተገጣጠመውን አይነካውም» ብሎ መተማመን

ከቤት ውጭ የሚቀመጠውን የኤሲውን አካል ክዳን ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አይልም። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ የመዳብ ቱቦው፣ የአሉሚኒየም ክንፎቹ፣ ቦርዱ ከያለበት ተሰባስበው የመጡ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 በብረትና በአሉሚኒየም ላይ የጣለችውን ቀረጥ መጀመሪያ 25፣ ከዚያ 50 በመቶ ስታደርሰው እዚያው የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ወጪያቸው ንሯል። በ2018 ደግሞ ከውጭ በሚገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ስትጥል፣ ቀረጥ ያልነካው ማድረቂያም አብሮ ተወደደ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት። ተፎካካሪው ሲያስወድድ የራሱን ዋጋ ባለበት የሚያቆይ ነጋዴ ጥቂት ነው።

ጭማሪውን ሁሉ በቀረጥ ማሳበብ

ኤሲው ውስጥ የሚዘዋወረው ማቀዝቀዣ ጋዝም ተቀይሯል። አር 410ኤ የተባለው ጋዝ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ስለሆነ፣ በየአገሩ አቅሙ 675 እጥፍ በሆነው በአር 32 እና በመሰሎቹ እየተተካ ነው። አዲሶቹ ጋዞች በመጠኑም ቢሆን ስለሚቀጣጠሉ አንዳንዱ ማሽን ጋዝ ሲያፈስ የሚጠቁም መሣሪያ ተጨምሮበታል። ይህ ጭማሪ ቀረጡ ቢነሳም አይነሳም።

«ሳይወደድ ልግዛ» ብሎ የተገኘውን ማንሳት

ለክፍሉ ከሚበቃው በላይ ጉልበት ያለው ኤሲ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ይበራል፤ ክፍሉን ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ይተወዋል።

«አሮጌውን ማስጠገን ከቀረጥ ያድናል» ማለት

መለዋወጫም ቀረጥ ይከፈልበታል። ቢሆንም «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ሲባሉ፣ አስቀድሞ ኮምፕረሰሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ይለካ ይበሉ። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ርካሽ ዕቃ ነው፤ እሱ ሲበላሽም ኮምፕረሰሩ አይነሳም።