ደሞዝህ ከአገሩ ሰው አንፃር የት ላይ ነው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ሻይ ይዘን ስለ ደሞዝ ስናወራ አንዱ ሁሌ «አቦ፣ እኛማ ድሃ ነን» ይላል። ከማን አንፃር ስትለው የሚጠራልህ ከውጭ ዶላር የሚላክለትን ጎረቤቱንና ነጋዴ አጎቱን ነው። ሁለት ሰው አገር አይሆንም።

መጀመሪያ እጅህ የሚገባውን እወቅ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት ስኬል የጀማሪ ባለዲግሪ ደሞዝ 11,500 ብር ነው። በአዲሱ የግብር ሰንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ 35 ይደርሳል። ስለዚህ ከ11,500ው ላይ 2,100 ግብር፣ 805 ደግሞ የጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥና 8,595 ይቀራል። ባጃጅ የምትነዳ ከሆነ የቤንዚኑን፣ የጎማውን፣ ለባለቤቱ የምታስገባውን ቀንስ። ደግሞ አንድ ጥሩ ቀን ይዘህ በ30 አታባዛ፤ ወሩን ሙሉ ጻፍ።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ያለውን አፍ ቁጠር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። 8,595 ለላጤ ሌላ ነው፣ ሳቢያን ሰፈር ተከራይቶ ሚስትና ሁለት ልጅ ለያዘ ሌላ፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 2,150 ገደማ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሰዎች በቤተሰብ ጥናታቸው ልጅን እንደ ሙሉ አዋቂ አይቆጥሩም። በዋናነት የሚያዩትም ገቢን ሳይሆን ወጪን ነው (ገቢውን ሲጠይቁት እውነቱን የሚናገር ስንት ነው?)። ገበሬው ከራሱ ማሳ የሚበላው እህል እንኳ በብር ተተምኖ ይገባል። አክስትህ ከገጠር የላከችልህን ማሽላ አንተም አስገባው።

በ2008ቱ ጥናት የድህነት መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፣ በወር 600 ገደማ መሆኑ ነው። 23.5 በመቶው ሕዝብ ከዚያ በታች ነበር። ዛሬ ከምታገኘው ብር ጎን አስቀምጠህ «አልፌዋለሁ» እንዳትል፤ ያ በያኔው ዋጋ ነው። ለዛሬ የመንግሥት ስኬል ራሱ መሰላል ይሆንሃል፦ ታች 6,000፣ ላይ 39,000። ግን መሰላሉ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው፤ አብዛኛው የአገሩ ሰው ገጠር ነው ያለው፣ ለግሉ ድርጅትም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም።

«አማካይ ገቢ» የሚል ቁጥር ካየህ ደግሞ ጠርጥር። አሸዋ ገበያ ዘጠኝ የቀን ሠራተኛ በወር 6,000 እያገኙ አንድ የጫት ነጋዴ 200,000 ቢያገኝ የአስሩ አማካይ 25,400 ይሆናል። ከአስሩ ያን ብር የሚያገኝ ማን ነው? ማንም። ሰዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ አሰልፍና መሃል ላይ የቆመውን እይ፤ እሱ 6,000 ነው ያለው።

ይሄን ሒሳብ ለዚያ «ድሃ ነን» ባይ ጓደኛችን ሠራንለት። ላጤ ነው፣ የሚኖረውም አባቱ ቤት። የዛን ቀን ሻዩን እሱ ከፈለ።