ቱ ፖርት አገናኝታችሁ መልሱ እምቢ ሲል

ቱ ፖርት ማለት አንድ ጥንድ መግቢያ ጫፍና አንድ ጥንድ መውጫ ጫፍ ያለው ሰርኪት ነው፣ ባህሪው ማትሪክስ በሚባል የአራት ቁጥር ሰንጠረዥ ይጻፋል። አዳማ ላይ የሰርኪት ፋይናል ሲደርስ ቤቴ የሚመጡት ልጆች ሁሉም አንድ አይነት ነገር ነው የሚሉኝ፣ "ማትሪክሱን በትክክል ደምሬ መልሱ አልመጣም"። ደምረሃል እኮ፣ መደመር ይቻል እንደሆነ ግን አላየህም።

ምልክት፦ ሁለት ቲ ኔትወርክ (በቲ ፊደል ቅርጽ የተገናኙ ሦስት ሬዚስተሮች) ሲሪስ አገናኛችሁ፣ በሂሳብ ዜድ 11 (መውጫው ክፍት ሆኖ ከመግቢያው የሚታየው ሬዚስታንስ) 40 ኦም ወጣ፣ መልቲሜትሩ 35 ይላል።

ይሄኛው እኔንም አንድ ከሰዓት ሙሉ በዛ ሙቀት ብሬድቦርድ ላይ አፍጥጬ እንድውል አድርጎኛል። ሬዚስተሮቹ በሙሉ 10 ኦም ናቸው፣ የእያንዳንዱ ቲ ዜድ 11 20 ነው፣ ስለዚህ 40 መሆን ነበረበት አይደል? ግን የላይኛው ቲ ከስር ያለው ባዶ ሽቦ የታችኛውን ቲ ግራና ቀኝ ክንድ ጫፍ ለጫፍ ሾርት አደረጋቸው፣ ሁለቱ 10 ፓራለል ገብተው 5 ሆኑ፣ መሀል ካለው 10 ጋር 15፣ ከላይ ደግሞ 20 አለ፣ በቃ 35። ሜትሩ አልዋሸም። ምክንያቱ የፖርት ህጉ ስለፈረሰ ነው፣ በአንዱ ጫፍ የገባው ከረንት እኩል በዛው ፖርት ሌላኛው ጫፍ መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ዜድ መደመር የለም።

መፍትሄው የታችኛውን ቲ ገልብጡት፣ ሽቦው ከሽቦው ጋር ይግጠም፣ 40 ታነባላችሁ። መገልበጥ ካልተመቸ አንድ ለአንድ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር አስገቡ፣ ያን ጊዜ ግን በኤሲ ለኩ፣ የመልቲሜትሩ ኦም በዲሲ ስለሆነ ያሳስታችኋል። ፓራለል ላይ ዋይ (የዜድ ማትሪክስ ኢንቨርስ) ነው የሚደመረው፣ የሁለቱም ግራውንድ አንድ ላይ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም።

ምልክት፦ ካስኬድ (የአንዱ መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር ሲገጠም) ላይ 20 ቮልት አስገብታችሁ በሂሳብ 20 ወጣ፣ በእውን ግን 10።

ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ 10 ኦም በሲሪስ ከዛ 10 ኦም ወደ ግራውንድ ከሆነ ኤቢሲዲ በሚባለው ማትሪክስ ላይ ኤ (መውጫው ክፍት ሆኖ የመግቢያው ቮልቴጅ ለመውጫው ሲካፈል) 2 ነው፣ ገልብጣችሁ ካባዛችሁ ኤ 1 ይሆናል። ማትሪክሶቹን ከሶርሱ ጀምራችሁ ወደ ሎዱ በተራ አባዙ። ዲተርሚናንቱ በሁለቱም 1 ስለሚመጣ እሱን አይታችሁ እንዳትዝናኑ።

ዲተርሚናንቱ ኔጌቲቭ 1 ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በሬዚስተር ብቻ የተሰራ ሰርኪት ላይ ይሄ አይሆንም። አይ 2ን (የመውጫውን ከረንት) ወደ ውስጥ ገቢ አድርጋችሁ ኤቢሲዲ ላይ ኔጌቲቩን ረስታችኋል፣ የቢ እና የዲን ምልክት ቀይሩ።

ካልኩሌተሩ ኤረር ካለ ደግሞ አትደብድቡት፣ በሲሪስ የተቀመጠ ነጠላ ሬዚስተር የኤቢሲዲው ሲ ዜሮ ስለሆነ ዜድ ማትሪክስ ጭራሽ የለውም፣ ወደ ግራውንድ የወረደ ነጠላ ከሆነ ደግሞ ዋይ የለውም። በኤቢሲዲ ስሩት፣ ሁለቱም እዛ ላይ አሉ።