ግልገሎቹ ሲጠፉ እናትየዋን ሳይሆን ጡጦውን ጠርጥሩ

ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቦል ፓይተን ለሚባሉ ሁለት እባቦቼ ቀለብ የሚሆኑ አይጦችን ማርባት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ መደርደሪያውን አይታ አማተበች፤ «እኛ አይጥ ለማጥፋት መርዝ ስንገዛ ኖርን፤ አንተ ባሕር ተሻግረህ ቀለብ ትሰፍርላቸዋለህ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እንደ እኔው እባብ የሚያሳድጉ ልጆች ግን ችግር ሲገጥማቸው ይደውሉልኛል። አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ከመመለስ ብጽፈው ይሻላል።

የአይጥ እርግዝና ከ21 እስከ 23 ቀን እንደሚፈጅ፣ አንዲት እናት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 እንደምትወልድ፣ ግልገል በሦስት ሳምንቱ ጡት እንደሚጥል ታውቃላችሁ ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ ግልገሎቹ ይቀንሳሉ ወይም ጨርሶ ይጠፋሉ

ማክሰኞ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ዓርብ ሦስት ቀሩ። ሬሳ የለም። «ጋሼ፣ እናትየዋ ልጆቿን የምትበላ ጨካኝ ናት፤ ለእባቡ ልስጣት?» ይሉኛል።

አትስጧት። እርግጥ ነው፣ በልታቸዋለች። ነገር ግን በአብዛኛው የበላችው ሞተው ወይም ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ አይጥ ጎጆዋ ውስጥ ሬሳ አታሳድርም። ዋናው ጥያቄ ግልገሎቹ ለምን ደከሙ የሚለው ነው። መልሱም እኔ ካየኋቸው ውስጥ በአብዛኞቹ አንድ ነበር፤ ወተት አልነበራትም፣ ወተት ያልነበራትም ውሃ ስላልነበራት ነው። ውሃዋን የምትጠጣው ሳጥኗ ላይ ተገልብጦ ከሚሰቀል ጡጦ ነው።

ከአንድ ወጣት ጋር ያደረግነው ንግግር የሌሎቹም ሁሉ ነው።

«ውሃ አላት?»

«ጡጦው እስከ አፉ ሙሉ ነው ጋሼ።»

«መቼ ሞላኸው?»

ዝም አለ። «እሑድ» አለኝ። ስልኩን የደወለው ረቡዕ ማታ ነበር።

ጡጦው ሙሉ ነው ማለት አልተጠጣም ማለት ነው! አንድ ትልቅ አይጥ በ100 ግራም ክብደቱ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። 300 ግራም የምትመዝን ሴት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ትፈልጋለች፤ ስታጠባ ደግሞ እጥፉንና ከዚያም በላይ። የግማሽ ሊትር ጡጦ በሦስት ቀን ውስጥ በዓይን በሚታይ መጠን መጉደል አለበት። ካልጎደለ ውሃው የተሰቀለው ለጌጥ ነው። ውሃ ያጣች አይጥ ምግብም መብላት ታቆማለች፤ ስለዚህ «ምግቧ አልተነካም፣ ታማ ይሆን?» የሚለውም ጥያቄ ወደዚሁ ጡጦ ይመልሳችኋል።

ማረጋገጫው ግልገሉ ሆድ ላይ ነው። ገና ጸጉር ያላወጣ ግልገል ቆዳው ስስ ነው፤ የጠባ ከሆነ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ በታች ነጭ ጠቃጠቆ ይታያል። ጨጓራው ውስጥ ያለው ወተት ነው። ነጩ ከሌለና ቆዳው ከተጨማደደ ሰዓት እየቆጠራችሁ ነው።

ጡጦው ለምን ይከዳል? ከከዱኝ አንዱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በመጋዝ ቀደድኩት። በብረት ቱቦው ጫፍ ከሽምብራ የምታንስ ብይ አለች። አይጧ በምላሷ ስትገፋት ጠብታ ይወርዳል፣ በምትኩ የአየር አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። የእኔዋ ብይ ግን በአረንጓዴ አተላ ተለውሳ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በሚጋገረው ዓይነት የውሃ ኖራ ከቱቦው ጋር ተጣብቃ ነበር። አይጧ ሌሊቱን ሙሉ ብትልሳት አትነቃነቅም።

ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው የአየር መቆለፍ ነው፤ ጡጦው ተሞልቶ ሲገለበጥ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይቀራል፣ ውሃው ብይዋ ጋ አይደርስም። የሚያናድደው ይህ የሚሆነው አሁን በሞላችሁት፣ ተማምናችሁ በሄዳችሁበት ጡጦ ላይ መሆኑ ነው። በእኔም ላይ የደረሰው እንዲሁ ነው። ለሠርግ አትላንታ ከመሄዴ በፊት በርካሽ የገዛኋቸውን አዳዲስ ክዳኖች ገጥሜ፣ ሦስት የሚያጠቡ እናቶችን ጡጦ ሞልቼ፣ ኮርቼ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጡጦዎቹ እንደሞላኋቸው ነበሩ። ከ29 ግልገሎች 4 ቀርተዋል። የአንዷን እናት ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ። የሚሠራ ጡጦ ስሰቅልላት ብይዋ ያለ ማቋረጥ ስትንቀጫቀጭ ቆመችና አምስት ደቂቃ ያህል ራሷን አላነሣችም። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ክዳኖቹን በዚያው ማታ ጣልኳቸው፤ የብረታቸው ውስጥ ገና ከአሁኑ ዝጎ ነበር። ሁለት ዶላር ለመቆጠብ ሲባል!

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። እናትየዋ ጎጆ ስትሠራ የእንጨት ፍቅፋቂውን ትከምራለች፤ ክምሩ የቱቦውን ጫፍ ሲነካ ውሃውን እንደ ክር ይስበዋል። ሌሊቱን ጡጦው ይራገፋል፣ ሳጥኑ ይጥለቀለቃል፣ ግልገሎቹ በብርድ ያልቃሉ። የጎማ ቀለበቱ ያረጀ ጡጦም እንዲሁ ያንጠባጥባል። ማሞቂያ አጠገብ የተሰቀለ ግማሽ ጡጦ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ተለጥጦ ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው። በየሳምንቱ ፈታታችሁ እጠቡ። ቱቦውን በነጭ ኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ብይዋ መንቀጫቀጭ አለባት። ከሰቀላችሁ በኋላ በጣታችሁ ጫፍ ብይዋን ደጋግማችሁ ግፉና ዓይናችሁን ጡጦው ላይ አድርጉ። ጣታችሁ መርጠቡ ብቻ አይበቃም፤ አረፋ ሲወጣ ማየት አለባችሁ። አረፋ ካልወጣ እንደገና ክፈቱት። በጡጦው ጎን በማርከር መስመርና ቀን ጻፉ፤ በማግስቱ ውሃው ከመስመሩ በታች ካልሆነ ችግር አለ። ቱቦው ከክምሩ ሦስት ጣት ከፍ ይበል፤ ግልገሎቹ መሯሯጥ ሲጀምሩ ግን እንዲደርሱበት ዝቅ አድርጉት። ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ በአንድ ሳጥን ሁለት ጡጦ ስቀሉ። ሁለት! አንዱ ሲከዳ ሌላው ያድናል። በሳህን ውሃ ልስጥ የሚለኝ አይጠፋም፤ ግልገል ይሰምጥበታል፣ የቀረውን በፍቅፋቂ ይሞሉታል።

ጡጦው ደኅና ሆኖ ከጠፉ፦ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው፣ ወይም በየሰዓቱ እየከፈታችሁ ረብሻችኋታል፣ ወይም የምትሰጧት ምግብ ፕሮቲን የለውም።

ምልክት፦ ያስነጥሳሉ፣ በዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ይታያል

ቀዩ ደም አይደለም፤ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው፣ አይጥ ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ከዓይኑ ጀርባ ካለ ዕጢ ይፈስሳል። ማይኮፕላዝማ ፑልሞኒስ የተባለው ተሕዋስ በብዙ አይጦች ሳንባ ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፤ የሚቀሰቅሰው ከሽንታቸው የሚወጣው አሞኒያ ነው። አፍንጫችሁን ወደ ሳጥኑ አስገቡና አሽትቱ፤ ቆማችሁ ከሸተታችሁ ለእነርሱ ዘግይቷል። የሳጥኑን ፍቅፋቂ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ አየር ይግባ። ደቃቅ ሰጋቱራ አታንጥፉ፣ ብናኙ ሳንባ ይገባል። «ሽታ ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠውን መዓዛማ ቀይ ሴዳርም አትንኩ፤ ዛፉ የእኛው ጥድ ዘመድ ነው፣ ያ ደስ የሚለው መዓዛ የአይጥን ሳንባና ጉበት ይጎዳል። አስፐን የሚባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ይሻላል። በየጊዜው የሚያስነጥስ አይጥ አይዳቀል።

ምልክት፦ ሴቷ አታረግዝም

በየ4 ወይም 5 ቀኑ ለመዳቀል ትደርሳለችና ወር ሙሉ ከወንድ ጋር ውላ ካላረገዘች፦ ክፍሉ በጣም ሞቋል (ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የከረመ ወንድ ዘሩ ይደክማል)፣ ወይም ወፍራለች፣ ወይም ዓመት አልፏታል፣ ወይም መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል። አጥፉት።

ምልክት፦ ያላሰባችሁት እርግዝና

ወንዶቹን በ5 ሳምንታቸው አልለያችሁም። እናትየዋም በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ ወንዱን ቀድማችሁ አውጡ።

ምልክት፦ እባቡ ቆስሏል

በሕይወት ያለ አይጥ አስገብታችሁ ተኝታችኋል። ያልራበው እባብ ዝም ብሎ ይተኛል፣ የራበው አይጥ ግን እባቡን እስከ አጥንቱ ያኝከዋል። ገድላችሁ ወይም በፍሪዘር ያቆያችሁትን ስጡ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ አሙቁት። ማይክሮዌቭ ውስጥ የከተተ ሰው አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ከዱር አይጥ ጋር አታገናኟቸው፣ ሳጥን ካጸዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሴኡል ቫይረስ ከለማዳ አይጦች ወደ አሳዳጊዎቻቸው ተላልፏል። ጡጦውንም ሰሃን በምታጥቡበት ገንዳ አትጠቡት።